የትኛውን ልማር ብዬ ልቤ የታመመ ጊዜ

ጌታ ይባረክ! ቅዱሳን፣ ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው የወጣሁት። ስንት እሑድ እጄን ላወጣ ብዬ መልሼ እንዳወረድኩ ባለቤቴ ብርቱካን ምስክሬ ናት። ዛሬ በክርኗ ጎሸም አድርጋ "ወይ ተነስ ወይ አርፈህ ተቀመጥ፣ ወንበሩን አትነቅንቅብኝ" አለችኝና ተነሳሁ። ስሜ ታደሰ ነው። አርፎ መቀመጥ ከድሮም አልተሰጠኝም፤ አሁንም ቆሜ ስናገር እግሬ ዝም ካላለ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አገር ቤት፣ ሆሳዕና አካባቢ፣ ገጠር ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። በአካባቢው ሐኪም ስለሌለ ያለሁት እኔ ነኝ። መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል እሰፋለሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ አዋልዳለሁ። ሕዝቡ "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" እል ነበር፤ በኋላ ማረም ሰለቸኝ፤ ከዚያ ደግሞ ጣፈጠኝ። እናቴማ ገበያ ስትወጣ "የዶክተሩ እናት" እየተባለች ነው ቦታ የሚለቀቅላት። እግዚአብሔርን አልክድም፣ ግን አልፈልገውምም ነበር። ብርቱካን ገብታ ትጸልያለች፣ እኔ ደጅ እጠብቃታለሁ። ኑሯችን እንዲህ ነበር።

ከዚያ ኦስሎ መጣን። ሮመን የሚባል ሰፈር ቤት አገኘን፣ ልጃችን ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ገባች፣ እኔም ቋንቋውን እንደ ምንም ብዬ ተምሬ አንድ ሲከየም ውስጥ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ ሥራ ጀመርኩ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ነው። ሥራውን አልጠላሁትም። ያቃጠለኝ እዚያ ቤት ማን እንደነበርኩ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ዘንድ ያለችው አማካሪ ወረቀቶቼን አገላብጣ "ያንተ ሙያ እዚህ አገር የለም። ለሱ የሚቀርበውን ትምህርት ምረጥና አመልክት" አለችኝ። ቀላል ነገር የነገረችኝ መስሏታል።

ወገኖቼ፣ መከራዬ የጀመረው ከዚያ ነው። የሕክምና ትምህርት አለ፤ ረጅም ነው፣ የሚያስገባ ውጤትም የለኝም፣ ግን "ዶክተር" ያሰኛል። ነርስነት አለ። ቶሎ የሚያልቅ የረዳት ነርስ ትምህርት አለ። ላቦራቶሪም አለ። ማመልከቻው ደግሞ በጣም የምትፈልገውን አንደኛ፣ ቀጥሎ የምትፈልገውን ሁለተኛ እያልክ በተራ እንድትጽፍ ነው የሚጠይቅህ። ጠዋት ሕክምናን አንደኛ አደርግና ማታ እሰርዘዋለሁ። ነርስነት እልና "ሆሳዕና ሲሰሙ ምን ይሉኛል?" እላለሁ። ላቦራቶሪ እልና "ሰው ሳላይ ከብልቃጥ ጋር ልዋል?" እላለሁ። ሥራዬ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ለእናቴ ስደውል "ዶክተርነቱን መቼ ነው የሚመልሱልህ?" ትለኛለች፣ ስልኩን ስዘጋ እንደገና እሰርዛለሁ። ብርቱካን በመጨረሻ "ሁለት ባላ ትከል ተባለ እንጂ ጫካ ትከል አልተባለም" አለችኝ።

እንግዲህ ያኔ ነው የእናንተ ጸሎት ትዝ ያለኝ። ጸሎት እንደ ቫይታሚን ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ "ጸልዩልኝ" አልኩ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ጸልዩልኝ ያለውን ሰው ባዶ እጁን አይመልስም። አንዷ እህት "ጌታ ትልቅ በር ከፍቶልሃል፣ ወደ ኋላ አትበል" አለችኝ፤ ሕክምና ነው ብዬ ተነሳሁ። ሌላው "ጌታ ዝቅ በል ይልሃል" አለኝ፤ ረዳት ነርስነት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ወንድም፣ ያው እዚያ ተቀምጦ ይስቃል፣ "ነጭ ልብስ ለብሰህ አየሁህ" አለኝ። እየበረርኩ ቤት ገባሁ። ብርቱካን ሰምታኝ ስታበቃ፣ ዶክተሩም ነርሱም የላቦራቶሪውም ሰው ነጭ እንደሚለብስ አስታወሰችኝ፤ ዳቦ ጋጋሪውንም ጨመረችበት። አትሳቁ፤ በማግስቱ ሲከየሙ ወጥ ቤት የሚሠራውን ሰውዬ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ማመልከቻው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብም አልወርድ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላስጸልይ ብዬ፣ ከብርቱካን ጋር ሽማግሌያችን ጋሽ ማርቆስ ቤት ለመሄድ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሆልምሊያ የሚወስደውን ባቡር ያዝን። መንገድ ላይ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ስንት በሽተኛ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ልብ ድካም ነው፣ አበቃልኝ አልኩ። ብርቱካን ደግፋ አወረደችኝና ከጣቢያው ለጋሽ ማርቆስ ደወለችላቸው። እሳቸው በመኪናቸው መጥተው ሌገቫክት፣ ድንገተኛ ታማሚ ወደሚታይበት፣ ወሰዱን። አንዲት ወጣት ሐኪም መረመረችኝ። በሽታዬን ነገርኳት፣ መድኃኒቱንም ነገርኳት፤ ታግሣ ሰማችኝ። ከዚያ የልቤን ምት አይታ "ልብህ ጤነኛ ነው። እንዲህ የሚያስሮጥህ ምንድነው?" አለችኝ። ትምህርት መምረጥ አቅቶኝ ነው ማለት አሳፈረኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ስንወጣ ጋሽ ማርቆስን እዚያው መኪናው ውስጥ ያዝኳቸው። "ጋሼ፣ ቀኑ ደርሷል፤ የትኛው እንደሆነ ጌታ እንዲያሳየኝ ይጸልዩልኝ" አልኳቸው። ጋሽ ማርቆስን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ፣ ሲነዱም ሲጸልዩም አይቸኩሉም። ሞተሩን አጠፉና "ለምርጫው አልጸልይልህም" አሉኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"አራቱም ደግ ሥራ ነው። የትኛውንም ብትይዝ ጌታ አይጣላህም። አንተን ያስጨነቀህ ግን ሥራ አይደለም ታደሰ፤ ያጣኸው ስም ነው። ስሙ ባይመለስልህስ? ያኔ አንተ ማን ነህ?"

ተናደድኩ። ጸልዩልኝ ብሎ የመጣን ሰው፣ ያውም ከሐኪም ዘንድ የወጣን ሰው፣ እንዴት አልጸልይም ይሉታል? ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ልቅሶ ነው የወጣው። ብርቱካን ከኋላ ወንበር እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ጌታ ሆይ፣ ዶክተር ካልተባልኩ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። አንተ የምታውቀኝ ከሆነ ተቀበለኝ" አልኩ። ጋሽ ማርቆስ እዚያው መኪና ማቆሚያው ውስጥ እያስደገሙኝ ኢየሱስን የሕይወቴ ጌታ አድርጌ ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! ስሙ ይክበር!

ድምፅ ሰማህ ወይ ብትሉኝ አልሰማሁም። ራእይም አላየሁም። እንዲያውም ልቤ እስከ ማግስቱ ሲደልቅ ነበር። ሰኞ ግን ሥራ ገባሁ። ነርሷ የአንዲት አሮጊት የእግር ቁስል ስታጸዳ እግራቸውን ደግፌ ይዤላት ነበር። ጨርቁን ስትፈታ፣ ቁስሉን ስታይ፣ አሮጊቷን እያጫወተች ስታሽግ እጄ አላስችል አለው። ወገኖቼ፣ ክሊኒክ ውስጥ ስሠራው የኖርኩት ሥራ እኮ ነው! እዚህ አገር እሱን የሚሠራው ለካ ነርስ ነው። በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም። የዚያኑ ቀን ነርስነትን አንደኛ ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን ሁሉ ልተወው ስል ብርቱካን "እምነት ካለህ ብልሃት አይጎዳህም" ብላ ረዳት ነርስነትን ሁለተኛ አስጻፈችኝና ወስዳ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ እኔ ብይዘው መንገድ ላይ እንደምሰርዘው ታውቃለች።

ተቀበሉኝ፤ ክብር ለስሙ ይሁን! አሁን ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቀላል ነው አልላችሁም። ፈተና ወድቄ ደግሜያለሁ፤ ለሚመጣውም አሁን ራሱ ደብተር ይዤ ቤት ውስጥ ስዞር ነው የማመሸው። የሚቁነጠነጥ ሰው ሲድን ወዲያው አይቀመጥም መሰለኝ። ነገር ግን ያ የባቡሩ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም። ጌታ ፈውሶኛል።

በቀደም ለእናቴ ደውዬ ዶክተር እንደማልሆን ቁርጡን ነገርኳት። እሷም "ለሰው ሁሉ ዶክተር ነው ብያለሁ፤ አሁን ምን ልበል?" አለችኝ።

"ልጄ ነርስነት ይማራል በያቸው።"

"ነርስ ከዶክተር ይበልጣል እንዴ?"

"አይበልጥም እማዬ።"

"ታዲያ ድምፅህ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ ደስ ያለው? ከሄድክ ጀምሮ እንዲህ ሆነህ ሰምቼህ አላውቅም።"

ያገኘሁትን ነገርኳት። ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ኢየሱስ ነገርኳት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

እዚህ መካከል አገር ቤት የነበረው ስሙ እዚህ የማይሠራለት ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። መምህር ነበራችሁ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበራችሁ፤ ዛሬ የምታጸዱት ቤት ሰው ስማችሁን እንኳ አስተካክሎ አይጠራም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጌታ ማን እንደሆናችሁ ለማወቅ የምስክር ወረቀታችሁን አይጠይቅም። እኔን እንዲህ የማልቀመጠውን ሰው ካሳረፈ፣ እናንተ አታቅቱትም። እመኑት። ጌታ ይባርካችሁ።