በሳሕን የቀረበ ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። እስስት ገድያለሁ። በድንጋይ ቢሆን ባልተናዘዝኩ ነበር፤ እኔ የገደልኳት በውሃ ጥም ነው፣ ውሃ ፊቷ አስቀምጬ።

እስስቷ የመምህር ዳኛቸው ነበረች። ቡሬ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እሱ ባዮሎጂ ያስተምራል፣ እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከአጥር ላይ አግኝቶ ሲያመጣት ቤቷን የሠራንላት ሁለታችን ነን። እንጨት አቁመን ወንፊት ሽቦ ወጠርንበት፤ በባልዲ የተተከለ ጌሾ አስገባንላት፤ የምትንጠላጠልበት ቅርንጫፍ አጋደምንላት፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ጥላ እንድታገኝ በእሱ ቤት በረንዳ ጥግ አስቀመጥናት። ጎረቤቶቹ እያማተቡ ያልፉ ነበር። ውሃውን የምረጭላት እኔ ነበርኩ፣ በፀጉር ቤት መርጫ። "እህትዓለም፣ ይቺ በሳሕን ያለ ውሃ አትጠጣም። የቆመ ውሃ ለሷ ውሃ አይደለም፤ ከቅጠል ላይ ሲንጠባጠብ ነው የምትልሰው" ያለኝ ያኔ ነው። ነግሮኛል። ሰምቻለሁ።

ከዚያ የላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ ጠፋ። ቅዳሜ ቁልፉን ከእኔ ወስዶ ላቦራቶሪውን ሳይቆልፍ የሄደው እሱ ነው። ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ከመቅረባችን በፊት "አይዞሽ፣ እኔ ነኝ እላለሁ" አለኝ። ገብቶስ ምን አለ? "ቁልፍ አልወሰድኩም" አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እኔ ከላቦራቶሪ ተነስቼ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የተማሪ ቦርሳ ፈታሽ ሆንኩ። "ሌባዋን ፈታሽ አደረጓት" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሽማግሌዎች አስታረቁን። ዕርቅ ደም ያደርቅ ይባላል፤ የእኔ ደም አልደረቀም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ግን ጭራሽ ረስቶት ኖሮ፣ በየካቲት አዴት ያሉት እናቱ ታመውበት ሲሄድ የግቢውን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። "ካንቺ ሌላ ማን ያውቅላታል?" አለኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? መርጫውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ነጭ ሳሕን ውሃ ሞልቼ ከጌሾው ሥር አኖርኩ። በየቀኑ እየሄድኩ ውሃውን እቀይር ነበር፣ ንጹሕ ውሃ። ፌንጣም ይዤላት እገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን የደረቀ ቅጠል ስትልስ አየኋት። ቆሜ አየኋት። እያደር ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ፤ ፌንጣውንም ተወችው። መርጫው ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ለምን አላነሳሁትም? ደስ ይለኝ ስለነበር ነው። አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ዳኛቸው ደውሎ "ውሃዋን ትጠጣለች?" ሲለኝ፣ "ውሃ ከፊቷ ተለይቶ አያውቅም" እለዋለሁ። ሰሙ እውነት ነው፤ ወርቁን ሲመጣ ራሱ ይፍታው ብዬ። "እግዜር ይስጥሽ" ይለኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞታ አገኘኋት። አላነሳኋትም። እንዲያያት ብዬ እዚያው ተውኳት።

ሲመለስ መዳፉ ላይ አስተኛት። ሳሕኑን አየው፤ ደጋግሞ አየው። እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። በዓመቱ ውስጥ ያብላላሁትን ሁሉ ልመልስለት አፌን አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። በማግስቱ መምህራኑ ሻይ ላይ "እስስትህስ?" ሲሉት፣ "እኔ ነኝ የገደልኳት። ውሃ እንዴት እንደሚሰጣት ለእህትዓለም ሳልነግራት ሄጄ" አለ።

ነግሮኛል። እንደነገረኝም ያውቃል። ያቺን "እኔ ነኝ" ዓመት ሙሉ ስጠብቃት ነበር፤ ለስሜ ሳትደርስ ለእስስት ደረሰች። በአንድ ቃል ዕዳውን የከፈለ መሰለው። ሁሉም "ያንተ ጥፋት አይደለም" እያሉ አጽናኑት፤ እኔ ግን ማንም ሳያጽናናኝ ወደ ቦርሳ ፍተሻዬ ተመለስኩ። እኔ ነኝ ብዬ መናገር እችል ነበር።

በደሌን አላሳንስም። አውቄ፣ አስቤ፣ በየቀኑ ውሃ እየቀየርኩ ነው ያደረግሁት። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ለምን ይመስላችኋል? "መጀመሪያ እሱን ይቅር በይው" ስለሚሉኝ ነው። እስስቷን ይቅር በይኝ እላታለሁ፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም። እሱን ግን ገና ይቅር አላልኩትም።