ወላሂ ያልኩበት ድስት

ሰኞ ገበያ አጠገብ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ። አልወዳትም። ዛሬም አልወዳትም፤ ይሄን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ።

ባሌ በሞተ በዓመቱ የውሃ ወረፋ ላይ ተጣላን። በሰው ፊት «ባልሽ የሞተው ከምላስሽ ለማምለጥ ነው!» አለችኝ። ጀሪካኔን ጥዬ «ወላሂ፣ ከቤትሽ እህል አልቀምስም!» ብዬ ማልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንኳን እህሏን ሰላምታዋንም አልቀመስኩ።

ከዚያ እናቷ ሞቱ። ቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ነውና ቀብሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። የአርባው ተዝካር ሲደርስ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደወለች። «እንዳትሄጂ! ለሷ ብለሽ መሐላሽን ልታፈርሺ ነው?» እኔን ደግሞ አትሂጂ ሲሉኝ እግሬን ይበላኛል። ሽንኩርት ልጬ፣ ምንም ሳልቀምስ እመለሳለሁ አልኳት።

ጓሮ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ፣ ከገጠር የመጣች ዘመዷ የክርስቲያኑን ወጥ ያማሰለችበትን ጭልፋ ይዛ ወደ ሌላኛው ድስት አጎነበሰች። ጎረቤቴ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ እጇን አፈፍ አደረገችው።

«አንቺ! ይሄ የእስላሞቹ ነው! በጉን ያረዱት ሼሁ ናቸው፣ ጭልፋውም ለብቻው ነው። የጎረቤቶቼን ድስት ልታበላሺብኝ ነው?»

«ኧረ ተይ» አለች ዘመዷ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምሺ እዚህ ድስት ላይ ተገትረሻል። ቅመሺና ተመለሺ።»

«የእንግዶቼ ሳይወጣ አልበላም!»

ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ጎረቤቶቼ ስትል እኔም አለሁበት። አይ የኔ ነገር፣ እንባዬ መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ዞር ስትል አየችኝ። «ምን ታፈጥጪብኛለሽ? አንቺ እንደሆንሽ አትበዪም» አለች፣ ያው በዚያ ምላሷ። ሳህን አንስቼ ዘረጋሁላት። ጨለፈችልኝ። በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፣ ነገርኳትም።

በማግስቱ ሼሁ ዘንድ ሄጄ መሐላዬን እንዳፈረስኩ ተናገርኩ። «አሥር ምስኪን አብዪ፣ ካልቻልሽ ሦስት ቀን ጹሚ» አሉኝ። የኔ አቅም ጾሙ ነው፤ ጾምኩ።

እህቴ ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ። «ለዚያች ሴት ብለሽ ተራብሽላት?»

«አዎ፣ ተራብኩላት!» አልኳት። «እሷስ የኔን ድስት ስትጠብቅ ጾሟን አልዋለችም?»