ከጂዳ የሚመጣው የዓርብ ስልክ

ሸዋ በር አጠገብ ባለችው የሞባይል ሱቄ ውስጥ ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ስልክ ከኪሱ ጮኸ፤ ዘፈንም መንዙማም አይደለም፣ እንደ ድሮው የቤት ስልክ «ክርርርር... ክርርርር» የሚል ነው። እኔም የያዝኩትን የስልክ ሽፋን ጥዬ፣ ወንበሬን ገፍቼ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ከሮጥኩ በኋላ ነው የሁለት ልጆች እናት መሆኔ ትዝ ያለኝ። ሰውየው ደንግጦ «ምነው እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ጂዳ ብዬ ልጣራ ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ እብድ ናት ብሎ ሳይገዛ ይሄድ ነበር።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ አቦከር ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ዳር ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ስልክ ያለው ቤት ደግሞ የእኛ ብቻ ነበር። አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ መስመሩን ለማስገባት የጠበቀውን ወረፋ ሲያወራ «አንቺ ሳትወለጂ ተመዝግቤ፣ አንቺ መራመድ ስትጀምሪ ገባልኝ» ይለኝ ነበር። እማዬ ስልኩን በእጇ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ታለብሰው ነበር፣ አባዬ ደግሞ መደወያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር አንጠልጥሎበት ነበር፤ ስለዚህ መደወል በእሱ ፈቃድ ነበር፣ የተደወለለት ሰው ግን ማንም ይሁን ማን ይጠራ ነበር። ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። አባዬ «ኦፕሬተር» ብሎ ስም አወጣልኝና መንደሩም ተቀብሎት ቀረ፤ ዛሬም ሱቄ መጥተው በዚያው የሚጠሩኝ አሉ።

ከሁሉ የምወደው የዓርቡን ስልክ ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እማማ ሩቂያ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ኸሊል ይባላል፣ አባዬ ያስተማረው ነው፣ ጂዳ ሄዶ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደውሎ «ኦፕሬተር፣ እማዬን ጥሪልኝ» ብሎኝ ይዘጋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይደውላል፣ በመሀል ያለችው ጊዜ የእኔ ነበረች። በመንገዱ ላይ እየሮጥኩ «ጂዳ! ጂዳ!» እላለሁ፤ የእማማ ሩቂያን ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር፣ ጂዳ ከተባለ ሁሉም ያውቃል። እሳቸውም ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ በመሐረብ የቋጠሩትን ተምር ይዘው ይመጣሉ። ዓርብ ለእኛ ጾም ነውና «ሐልዋ ቅቤ ነክቶት እንደሆነስ» እያሉ ተምር እንጂ ሌላ ጣፋጭ አምጥተው አያውቁም። ስልኩ ካለቀ በኋላ ከእማዬ ጋር ተቀምጠው ተምሩን እየበሉ፣ ኸሊል ያለውን ቃል በቃል ይደግሙላት ነበር፤ እኛ እዚያው ቆመን ስንሰማ እንደነበር እያወቁ።

ክረምት ሲገባ መስመሩ ይታመም ነበር። ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ስልኩ ውስጥ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣ ጀመር፣ እማማ ሩቂያም ልጃቸው ሩቅ ስለሆነ በርቀቱ ልክ መጮህ አለብኝ ብለው ያምኑ ስለነበር ድምፃቸው መንገዱን ያናጋው ነበር። አባዬ አንድ ቀን «እማማ፣ እንዲህ ከጮኹማ ስልኩ ምን ይሠራል፣ በቀጥታ ይሰማዎታል» ቢላቸው፣ እጀታውን በመዳፋቸው ከልለው «ዝም በል አንተ፣ ያንተ መስመር ነው ደንቆሮ!» አሉት። አባዬ ይህን ለወራት ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲያወራ ከረመ።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ የስልክ ቁጥር ሁሉ ረዘመ ተባለ፤ በድሮው ቁጥር ፊት ሌላ ተጨመረበት። ለእኛ ቀላል ነገር ነበር፣ አባዬ አዲሱን ቁጥር በካርቶን ጽፎ ከስልኩ በላይ ለጠፈው፣ አለቀ። ለኸሊል ግን ማን ይንገረው? እሱ የሚያውቀው የድሮውን ነው፣ የሚደውለው ከመንገድ ዳር የስልክ ቤት ነው፣ የእሱ የምንለው ቁጥር የለንም፣ ብዕር ደግሞ ከልጅነቱ የሚጠላ ሰው ነው። መስከረም አልፎ ጥቅምት አለቀ፣ ዓርብ መጣ፣ ዓርብ ሄደ፣ ስልኩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ጸጥ አለ። እማማ ሩቂያ ግን በሰዓታቸው ከነተምራቸው መምጣታቸውን አልተዉም ነበር።

ወደ ገና ግድም አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ለሐጅ ሊሄዱ ሆነና፣ ጂዳ ውስጥ ሐረሪዎች ደብዳቤ የሚያስቀምጡበት ሱቅ ስላለ፣ ቁጥሩ በደብዳቤ እንዲላክ ተመከረ። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ፤ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ጽሕፈቴ ያምራል ይባል ነበር፣ ከደብተሬ አንድ ሉክ ገንጥዬ ተቀመጥኩ። አባዬ አዲሱን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ሰጠኝና «መጨረሻው ላይ በትልቁ ጻፊው» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እማማ ሩቂያ ጀመሩ፦ «አሰላሙ አለይኩም፣ ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ አክስትህ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ተሽሏታል።» እማዬ ሰላምታዋን አስገባች። ደብዳቤ ይጻፋል ሲባል የሰማ ጎረቤት ሁሉ በበሩ ብቅ እያለ «የእኔንም ሰላምታ አስገቢልኝ» ይለኝ ጀመር፣ እኔም አንዱን ጽፌ ሌላውን መተው ነውር ስለሆነ የሁሉንም አስገባሁ፣ ሉኩ በፊት ሞላ፣ በጀርባ ሞላ፣ በኅዳጉ ዙሪያውን ሞላ። ውጭ የሐጂው ታክሲ ጥሩንባውን ሲነፋ ልጃቸው መጥቶ ደብዳቤውን ከእጄ ነጠቀኝ።

ቁራጯን ወረቀት ያገኘኋት ማታ ነው፣ ደብተሬን ስዘጋ፣ ከጭኔ ሥር። ቁጥሩን አልጻፍኩትም ነበር።

ያኔውኑ ብናገር ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ግን ፈራሁ። እማዬ ቁንጥጫ ታውቅበታለች፣ ከቁንጥጫውም በላይ ደግሞ «ኦፕሬተር» መባሌ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሐጂው ጥር መጨረሻ ላይ ተመለሱ፤ «ኸሊልን በዓይኔ አላየሁትም፣ መንገድ ላይ ነው፣ ደብዳቤውን ግን ሱቁ አስቀምጬለታለሁ፣ ይደርሰዋል» አሉ። እማማ ሩቂያ ያን ዓርብ ተምሩን በእጥፍ አመጡ። የካቲት ሆነ፣ አልደወለም። መጋቢት ሆነ፣ አልደወለም። መጀመሪያ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉ ነበር፣ ቀጥሎ «ከፍቶብኝ ይሆን?» ማለት ጀመሩ፣ በመጨረሻ ስልኩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልኩን ሳያዩ ተምሩን ብቻ ይቆጥሩ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ዓርብ ይመጣል፣ ዓርብ ይሄዳል።

ሞባይል ወደ ከተማችን የገባው በዚያው ሰሞን ነበር። የጫት ነጋዴዎቹ ከሁሉ ቀደሙ፤ የአወዳይን የዕለት ዋጋ ገበያው ሳይከፈት ሰምተው ያድሩ ስለነበር፣ በአንገታቸው በገመድ ያንጠለጠሉት ያ ጡብ የሚያህል ዕቃ ምን እንደሚሠራ ለመንደሩ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ አባዬም ገዛ። እቤት ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም፤ የሚገኘው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ሸዋ በር ዞሮ ሲቆሙ ብቻ ነበር፣ አባዬም ከጣሪያ ላይ ሆኖ «ሃሎ! አሁንስ ይሰማል?» ሲል እማዬ ከታች «እንግዲህ ኑሯችን ጣሪያ ላይ ሊሆን ነው» ትለው ነበር። እሱ ግን በአዲስ ነገር ልቡ ጠፍቶ ስለነበር ግንቦት ላይ አንድ ዓርብ የቤቱን መስመር የሚመልስበትን ፎርም ይዞ ገባ። «በሞባይል ዘመን ለሁለት ስልክ መክፈል ምን ይሉታል?» አለ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ያሉትን እማማ ሩቂያን አየና አንገቱን ደፋ።

እማማ ሩቂያ ቀስ ብለው የስልኩን ዳንቴል አስተካከሉ። «መልሰው ልጄ። ለእኔ ብለህ አትክፈል። የሚደውል ቢኖር እስከ ዛሬ ይደውል ነበር» አሉ። «ልጄ በሕይወት የለም። ሆዴ ነግሮኛል።»

«ቁጥሩን አልጻፍኩትም!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ እያለቀስኩ፣ ሰላምታው በዝቶ ወረቀቱ እንደሞላ፣ ታክሲው እንደጮኸ፣ ቁራጯን ወረቀት እስከ ዛሬ ደብተሬ ውስጥ እንደደበቅኳት ተናገርኩ። እማማ ሩቂያ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አልጻፍሽውም? ወላሂ በይ!»

«ወላሂ!» አልኩ። ወላሂ ስል በሰማችኝ ቁጥር «የክርስቲያን ልጅ!» ብላ የምትቆጣው እማዬ ያን ቀን አልተቆጣችኝም።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እማማ ሩቂያ፤ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ እንባቸው ፊቴን አራሰው። «ልጄ አልሞተም! ልጄ አልከፋም! የጠፋው ቁጥር ነው እንጂ ልጄ አይደለም!» አባዬ ፎርሙን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ «የሒሳብ አስተማሪ ልጅ፣ ቁጥር ትርሳ!» ብሎ ሳቁ አላቆም አለው። እማዬም ከሳቀች በኋላ ወደ ጓዳ ጠርታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ግማሽ ዓመት የፈራሁት ቁንጥጫ ያን ያህል አያምም ነበር።

በሳምንቱ ወደዚያው የሚሄድ ነጋዴ ተገኘና ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አባዬ በራሴ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚባል እንዳይገባ ይጠብቅ ነበር። እማማ ሩቂያ «ቁጥር ብቻ መላክማ ስድብ ነው፣ አንዲት አሰላሙ አለይኩም እንኳ» ብለው ቢለምኑ እምቢ አለ። በሉኩ ፊት ቁጥሩን ጻፍኩ፣ በጀርባው ቁጥሩን ጻፍኩ፣ በቃ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ነው፣ ዝናብ ይወርዳል፣ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት፣ መስመሩ እንደ ገብሱ ይንጣጣል፣ ከንጣጣው ውስጥ «ኦፕሬተር!» የሚል ሰማሁ። እጀታውን ለእማዬ ወርውሬ ድንጋዩ እያንሸራተተኝ «ጂዳ! ጂዳ!» እያልኩ ሮጥኩ፣ እማማ ሩቂያ ውዱእ ላይ ነበሩና ክንዳቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ ያለ ተምራቸው መጡ። የኸሊል የመጀመሪያ ቃል እስከ እኛ ድረስ ተሰማ፤ እየጮኸ ነበር፦ «ማን ሞተ? እውነቱን ንገሩኝ! ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የላካችሁልኝ ማን ሞቶ ነው?»

ለካ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ያን ሁሉ ሰላምታ፣ የአክስቱን ጉልበት ሳይቀር አንብቦ «እንዲህ ከሆኑማ ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ ልቡ ዐርፎ ተኝቷል። ቁጥሩንማ ደጋግሞ ሞክሮታል፤ «አንዲት ሴት እያነሣች በእንግሊዝኛ ትቆጣኛለች፣ ቤቱን ፈረንጅ የተከራየው መስሎኝ ነበር» አለ። አባዬ ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማ ሩቂያ ግን አልሳቁም፤ ወደ አባዬ ዞረው «አላልኩህም? አንዲት አሰላሙ አለይኩም!» አሉት። አባዬም ያን ፎርም ቀደደው።

አሁን ጀጎል ውስጥ ስልክ የሌለው ሰው የለም። ስፌት የሚሰፉት ሴቶች የሠሩትን ሙዳይ ፎቶ አንሥተው ባሕር ማዶ ላለ ገዢ ይልካሉ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሒሳቡን በስልኩ ይቀበላል፣ እኔም እንጀራዬን የምበላው ከዚሁ ነው፣ አልከፋኝም። የገረመኝ ግን ደንበኞቼ የእናታቸውን ቁጥር በቃላቸው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ስልክ ስሸጥ አስቀድሜ አንድ ቁጥር በካርቶን አስጽፌ ሽፋኑ ውስጥ እከታለሁ፤ «ኧረ አያስፈልግም» ይሉኛል፣ እሰማለሁ ብለው ነው?

አባዬ ካረፈ ቆየ። እማማ ሩቂያ አርጅተዋል፤ ስክሪኑ የሰፋ ስልክ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ ኸሊል ፊቱ እየታየ ይደውልላቸዋል። ዓርብ ግን ስልካቸውንና ተምራቸውን ይዘው ወደ እማዬ ቤት ይመጣሉ፣ የድሮው ስልክ ዳንቴሉን ለብሶ ከተቀመጠበት አጠገብ፣ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ዓርብ «እማማ፣ ይሄ እኮ ቤትዎ ሆነውም ይጠራል» አልኳቸው። «ኸሊልማ የትም ያገኘኛል ልጄ» አሉኝ፣ «ተምሩን ከማን ጋር ልብላ?» ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፣ ኸሊል በሽበቱ ብቅ አለ፣ ገና እናቱን ሰላም ሳይል እኔን አየና «ኦፕሬተር፣ ሁሉም ደህና ናቸው?» አለኝ። የሁሉንም ሰላምታ አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ማን እንዳለ ማን እንደጎደለም ሳልደብቅ፤ እሱም እስከ መጨረሻው ሰማኝ።