ለዶሮ የመጣ ጠብታ

ያን ጊዜ ቤቴ ሮቢት ነው ይባል እንጂ እግሬ አይቀመጥም። ወንዱ ልጄ ጎብዬ ይኖራል፣ ሴቷ ዋጃ ተድራለች፣ እኔ በመሐል መንገድ ላይ። ዶሮዎቼን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ ናት።

ሴቷ ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ «የአራስ ዶሮ ከእኔ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ ለአማቾቿ ተናግሬያለሁ። ያለኝ ግን ሦስት ቄብ ብቻ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ አለ። ፈንግል የገባበት ቤት ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት አንገቷ ተጠማዞ ትገኛለች፤ አንድም አይተርፍ።

ክረምቱ ሳይደርስ ከምርምር ጣቢያ ሰዎች መጡ። ቀበሌውም፣ «ነገ ጠዋት ጠብታ ስለሚሰጥ ዋርካው ሥር ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ አስነገረ። እኛ የምናውቀው ጠብታ የሕፃናቱን ነው። ምን ይዘን እንደምንቀርብ ማን ይጠይቃል?

በማግስቱ የአገሩ እናት ሁሉ ልጇን አዝላ ተሰለፈች። እኔም የጎረቤቴን ሕፃን ታቅፌያለሁ። ከጎጃም የመጣች ወጣት ሐኪም የበረዶ ሳጥኗን ከፍታ፣ አየችን፣ አየችንና፣

«ዶሮዎቹስ?» አለች።

«የምን ዶሮ?» አለቻት ጎረቤቴ። «ልጅ ነው ያመጣነው። አፉን ልክፈትልሽ?»

«ይሄ የዶሮ ክትባት ነው፣ እታለም። ዓይን ላይ ነው የሚንጠባጠበው።»

«ቢነካው ምን አለበት? እንደ አውራ ዶሮ ማልዶ እየጮኸ ይቀሰቅሰኝ ነበር።»

ሳቁ ሲበርድ የሐኪሟ ፊት ጠቆረ። መድኃኒቱን በጥብጣዋለች፤ ፀሐይ ሳይበረታ ካልተሰጠ መደፋት ነው። ዶሮዎቹ ደግሞ ከቆጥ ወርደው ቁልቋሉ ውስጥ ተበትነዋል። ለእኔ የሚደፋው የልጄ የአራስ ዶሮ መስሎ ታየኝ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ሕፃናቱን ለሁለት አሮጊቶች ትተን አገር ተነቅሎ ዶሮ ሊይዝ ሮጠ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ አውራ ሲያባርሩ ጋቢያቸውን ቁልቋል ነጠቃቸው፤ አውራው አጥሩ ላይ ወጥቶ ይጮህባቸዋል። እኔ ለመሮጥ ጉልበት የለኝም፣ ጥሬ በትኜ ጠራኋቸው። ሦስቱንም በነጠላዬ ጠቅልዬ ስደርስ ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው።

«ዓይኗን እስክታርገበግብ አይልቀቋት፣ እማማ» አለችኝ ሐኪሟ እያንጠባጠበች።

እያንዳንዷ ስታርገበግብ እኔም አብሬ አርገበግብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የምርምር ሰዎቹ እየተመላለሱ ከዶሮዎቹ ክንፍ ሥር ደም ይቀዳሉ፤ ክትባቱ ይዟቸው እንደሆን ለማየት ነው። «ነገ እንመጣለን፣ ጎብዬ እንዳይሄዱ» ትለኛለች ሐኪሟ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ ያልቻለውን ዶሮ ቻለ፣ ቤቴ ዋልኩ።

ዝናቡ እንደጀመረ ፈንግል ከወንዙ ማዶ ገባ። የማዶ ሰው ዶሮውን እየጠፈረ ወደ ገበያ ሮጠ።

«ሳይሞቱብሽ ሽጫቸው» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አይሽጡ» አለች ሐኪሟ። «በሽታውን የሚያዛምተው ገበያው ነው። ክትባቱም የሚፈተነው አሁን ነው።»

እኔም አልሸጥኩም። ጠዋት ጠዋት የዶሮዎቹን በር የምከፍተው ፊቴን አዙሬ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው እግሬን እየረገጡ ሲወጡ ብቻዬን እስቃለሁ። ፈንግሉ እኛም ሰፈር ገባ፤ ያልተከተቡትን ለቀመ፤ የእኔዎቹ ጥሬ ይሻማሉ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ልጄ በሰላም ተገላገለች። ቀይዋን ቄብ ታቅፌ በአውቶቡስ ዋጃ ገባሁ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ቢላውን ስሎ ሲያበቃ ቆመ።

«እማማ፣ ደሟ ሁሉ የተመረመረው ይቺ ናት? ለአራስ ትሆናለች?»

«ጠይቄልሃለሁ፣ ትበላለች። ከፈራህ ድርሻህን ለእኔ።»

አልፈራም፤ ፈረሰኛውን የበላው እሱ ነው። ልጄ መረቁን ጠጥታ ግንባሯ ወዛ።

«እማ፣ ሌላም አለሽ?»

«ሮቢት ሁለት አሉ» አልኳት። «እነሱን ግን አላርድልሽም። እንቁላል ጀምረዋል።»