ሽማግሌው የተቀመጡለት ታሪክ

ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ናይሮቢ ውስጥ ባል ያጣሁት መጽሐፍ ስለማበዛ ነው ይባል ነበር። ሐሜት ነው። ባል አልፈለግሁም እንጂ መጽሐፍ ባል ሲያባርር አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ አባሯል፤ እሱንም የማወራው ኮርቼበት ነው።

ጊዜው ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ቢጫ መስመር የተቀቡበትና ተሳፋሪ ሁሉ ቀበቶ እሰር የተባለበት ሰሞን ነው። የምኖረው ኪሊማኒ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር ነበር። ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ከእሷ ሌላ በዚህ ምድር ላይ ዘመድ የምለው ሰው የለኝም። ሥራዬ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የጭነት ወረቀት የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ነው። ከቤት እስከ መሀል ከተማ አንድ ማታቱ፣ ከዚያ እስከ ኢምባካሲ ሌላ ማታቱ። መንገዱ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያልተዘጋበትን ቀን አላስታውስም።

መጻሕፍቱን የምገዛው መሀል ከተማ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ነው። የፈተና መልመጃውንና የፍቅር ልብወለዱን ከፊት ይደረድራሉ፤ የእኔዎቹ ከሥር ናቸው። እኔ ሳልወለድ የታተሙ፣ ገጻቸው የወየበ፣ ሽፋናቸው ላይ ስምንት እጅ ያለው ፍጡር የተሳለባቸው የሳይንስ ልብወለዶች። አንዱ መጽሐፍ አሥር አሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮች ይዟል።

ረጅም ልብወለድ እንደ ዘመድ ቤት ነው፤ አንዴ ከገቡ ቶሎ መውጣት የለም። አጭሩ ግን ልክ የአንድ ማታቱ መንገድ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል። ሰው እንቅልፍ የማያስፈልገው ቢሆንስ? ዝናብ የሚዘንበው በማመልከቻ ቢሆንስ? ከዚያ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ጨክኖ ይከተለዋል። ይህን ጭካኔ ነው የወደድኩት። የእኛ ሰው «እንዲህ ቢሆንስ?» ሲሉት «አያድርገው!» ብሎ አፍ ያስይዛል። ልጅ ሆኜ ስንት ጥያቄ በ«አያድርገው» ተቀብሮብኛል። እነዚያ ጸሐፊዎች አያድርገው አይሉም፤ ያደርጉትና ምን እንደሚሆን ቁጭ ብለው ያያሉ። አንዱ ታሪክ ካልጣመኝ እዘለዋለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም። እርግጥ በውስጣቸው ያሉት ሴቶች ወይ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው ወይ ጯሂ። ያናድደኛል። እየተናደድኩም አነባለሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለኛለች አክስቴ፣ መጽሐፍ ይዤ ባየችኝ ቁጥር። «አንቺ ሰማይ ሰማይ ስትይ ምድር ላይ ያለው ወንድ ሁሉ አለቀ።»

አላለቀም ኖሯል። አንድ ጫማ አስመጪ ቤተ ክርስቲያን አይቶኝ ወደደኝ። «ዱካ አለው፣ መሀል ከተማ! የመኖሪያ ወረቀቱ የተስተካከለ፣ መጠጥ የማይቀምስ» አለች አክስቴ፣ ሱቁን ናይሮቢ እንደለመደችው ዱካ እያለች። ክፉ ሰው አልነበረም። ሦስት ጊዜ አውርተናል፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጫማ። እያሰብኩበት ነው አልኳት፣ እውነቴንም ነበር። ሽማግሌ ሊልክ ነው የተባለ ጊዜ አክስቴ እጄን ይዛ፣ «እኔ አርጅቻለሁ። አንቺን ለሰው ሳልሰጥ ብሞት ዓይኔ አይከደንም። ይህን ብታበላሺ አንተዋወቅም» አለችኝ። ስትቀልድ አውቃታለሁ፤ አልቀለደችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገብቼ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። የሚናገሩት የልጁ አጎት ናቸው፤ ድምፃቸው ጎረቤት ይጠራል። ከጎናቸው አንድ ከዘራ የያዙ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ አባት አሉ። ሦስተኛው ራስ ከመነቅነቅ በቀር አልተናገሩም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች አክስቴ።

«የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም» አሉ አጎትየው። እሺታ ሳያገኙ መቀመጥ ነውር መሆኑን ማን ያጣዋል። «ልጃችንን ልጅ አድርጉት፣ ልጃችሁን ስጡን ልንል ነው የመጣነው።»

አክስቴ አንገቷን ደፋ አድርጋ ደስታዋን ደበቀች። አጎትየው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ነገር ብቻ አለች። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ማንም አይክድም። ግን አውሬ የተሳለበት መጽሐፍ ታነባለች አሉ። ልጆች ነገ ይወለዳሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ ደግ አይደለም። ይህን ነገር ትተው። ሌላ የምንለው የለንም።»

«ምን ችግር አለው፣ ትተወዋለች» አለች አክስቴ፣ ሳትተነፍስ።

ጆሮዬ ጋለ። ጓዳ ካለው መደርደሪያዬ ላይ አንዱን መጽሐፍ አነሳሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳሎን ገባሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም» አሉ አጎትየው።

«መጽሐፉ የእኔ ነው፣ አባቴ። እሱ ከተከሰሰ ጠበቃው እኔ ነኝ።»

አክስቴ «ምነው ዛሬ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ» አለች። ከዘራ የያዙት አባት ግን እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ሳይሰሙ መፍረድ ሽምግልና አይደለም። እስቲ ምን ይላል?»

ገልጬ አላነበብኩላቸውም፤ በቃሌ ነገርኳቸው። በአንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ሁለት መንደሮች በአንድ የውሃ ጉድጓድ ተጣሉ። ሰው ሞተ። ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ ስለጠፋ፣ ከሌላ ዓለም አንድ ሽማግሌ እንዲላክላቸው ጠየቁ። መንገዱ በመንኮራኩር አርባ ዓመት ነው። ሽማግሌው ሚስታቸውን ተሰናብተው ተሳፈሩ፤ በመድኃኒት እንዲተኙ ተደረገ። ሲነቁ እሳቸው አላረጁም፤ ሚስታቸው ግን እዚያ ከሞተች ቆይታለች።

«እግዚኦ» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ። ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽማግሌው ከመንኮራኩሩ ሲወርዱ ሁለቱም መንደር ተሰልፎ ጠበቃቸው። የተጣሉት ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ልጆቻቸው ተጋብተዋል፣ ከዚያው ጉድጓድ አብረው ይቀዳሉ። ነገር ግን አባቶቻቸው ፍርዱን ሳትሰሙ እንዳትቀሩ ብለው አደራ ጥለውባቸዋል። የተፈረደለት መንደር ጉድጓዱን ሊወስድ፣ የተፈረደበት አገር ጥሎ ሊሄድ ተማምለዋል። እቃቸውን ሁለቱም ጭነው ቆመዋል። ባልና ሚስት ተለያይተው፣ እያንዳንዱ ከወገኑ ጋር።

እዚህ ላይ ከዘራ የያዙት አባት ቀስ ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አባ!» አሉ አጎትየው በሹክሹክታ። «እሺ ሳይሉን ተቀመጡ እኮ!»

«ዝም በል አንተ! እሺ፣ ከዚያስ፣ ልጄ? ምን ብሎ ፈረደ?»

መጽሐፉን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። «ተይ ያላችሁኝ ይሄንን ነው» አልኳቸው።

ቀድሞ ልባቸው የተመለሰው አጎትየው ናቸው። «እንግዲህ ልጄ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ» አሉ፣ ለስለስ ብለው።

«ዛሬ እንቢ ይበልጣል። አልተወውም። ይህን ተይ ብሎ ሰው የሚልክብኝንም አላገባም።»

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ ወደ በሩ ሲሄዱ አዛውንቱ ብቻ ወደ ኋላ ቀሩና፣ «ፍርዱን ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ የሙታኑን ክስ ሰሙ። በመጨረሻ፣ «ከሳሽም ተከሳሽም ሞተዋል፤ ለሙት አልፈርድም። እኔ አርባ ዓመት ተጉዤ መጥቻለሁና ጠምቶኛል። አንዳችሁ ከዚህ መንደር፣ አንዳችሁ ከዚያኛው ሆናችሁ አብራችሁ ውሃ ቅዱልኝ» አሉ። አዛውንቱ በከዘራቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱና ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ አክስቴ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «እሺ ብለሽ ደብቀሽ ብታነቢ ምን ነበረበት? ሁላችንም የምንደብቀው አለን።»

«በገዛ ቤቴ ተደብቄ ልኖር ነው?»

«ቤት? የትኛው ቤት? እስከ ነገ ደውለሽ ይቅርታ ካልጠየቅሻቸው ከዚህ ውጪ።»

በማግስቱ ሁለት ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። አክስቴ መኝታ ቤቷን ዘግታ ነበር። በሩን አንኳኩቼ «እትዬ፣ ሄድኩ» አልኩና ሻንጣዎቼን አነሳሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። የታክሲው ሹፌር «ፖሌ» አለኝ፣ አይዞሽ ማለቱ ነው፤ እሱም ይበልጥ አስለቀሰኝ።

ኢምባካሲ ከቢሮዬ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ናፈቀችኝ፤ ሳሏ፣ ስድቧ ሳይቀር። ስልኬን አንስቼ ቁጥሯን እያየሁ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። ብደውል ይቅርታ በይ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ያጠፋሁት የለም። ሰው በትክክሉ ነገር ላይ ቆሞም እንደሚከፋው ያኔ ነው የገባኝ። አንዳንድ ቀን መጽሐፉን ገልጬ አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ እውል ነበር። አላቃጠልኩትም፣ አልሸጥኩትም።

በአራተኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አክስቴ ናት። በሁለት ማታቱ መጥታ ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ላይ በፎጣ የታሰረ ሳህን አለ። ወንበር ስላልነበረኝ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን መጻሕፍት በየተራ አየች።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ» አለችኝ።

«አልጠይቅም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ፎጣውን እየፈታች። «ለዚህ ነው እኔ የመጣሁት።»