እማማ ባንቺአምላክ ዘር ሲቆጥሩ

እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ውስጥ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው አዳራሽ ከመያዙ በፊት እማማ ባንቺአምላክ ዘንድ ይመጣል። ዱሮ ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሎች ነበሩ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ አለቁና ቆጠራው እሳቸው እጅ ላይ ቀረ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያት ቅድመ አያታቸው የተገናኘ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም፤ ሰባቱን ካለፉ እሰየው ነው። ከአሽዶድ ይደወላል፣ ከናታንያ ይደወላል። እሳቸውም ስልኩን በትከሻና በጆሯቸው መሃል ወትፈው፣ ምስር እየለቀሙ፣ የሰውን ቅድመ አያት በጣታቸው አንጓ ላይ ይደረድራሉ። ቁጡ ናቸው ደግሞ። "የአያትህን አባት ስም ሳታውቅ ሚስት ልታገባ ነው?" ብለው ስንቱን ጎረምሳ አሳፍረዋል።

ሰማንያን አልፈዋል። ደንቢያ ተወልደው፣ ለውብነህ ተድረው፣ አንዱን ልጅ አዝለው ሌላውን እየጎተቱ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ የትምህርት ቤት ወለል እየወለወሉ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ውብነህ ደግ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ቤታቸው ግን ጭር ብሎ አያውቅም። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ምራትና አማች ሳሎናቸው ውስጥ ካልታጨቀ ሰንበት የገባ አይመስላቸውም። አንዱ ልጃቸው ወደ መዝከረት ባትያ ቤት ሲቀይር እንኳ፣ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር መሆኑን እያወቁ፣ ባሕር የተሻገረ ያህል አልቅሰዋል።

ከሁሉም ግን ኦርታል ትብስባቸዋለች። የመጨረሻዋ ልጃቸው የአሳየች ልጅ ናት። እናቷ ሥራ ስትውል እሳቸው ጉያ ነው ያደገችው። ልጅቷም ብትሆን ያለ አያቷ ምርቃት እንደማትዳር ለራሷ ከነገረች ቆይታለች፤ የእሳቸውን ቃል ረግጣ የምትሄድበት እግር የላትም።

ባለፈው አርብ ኦርታል ቶሜር የሚባል ልጅ ከባቡር ጣቢያ ተቀብላ ይዛ መጣች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እማማ ባንቺአምላክ ደስ አላቸው። ያሁን ዘመን ልጅ እጅ ሰጥቶ ሰላም ካለ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

"የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?"

"እኔ አሽዶድ ነው ያደግሁት፣ እማማ። ቤተሰቦቼ የደንቢያ ሰዎች ናቸው። የአባቴ አባት አባይ ይባላል፣ አባይ አስማማው። ሱዳን ላይ ነው የቀረው።"

እማማ ባንቺአምላክ አባይ በረሃ መቅረቱን ከሰው ሰምተው፣ እርማቸውን ካወጡ ስንት ዘመናቸው። ጣቶቻቸው ግን ሳይታዘዙ መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"አይሆንም" አሉ በመጨረሻ። "ስድስት ላይ ናችሁ። ዘመድ ናችሁ፣ ልጆቼ።"

ኦርታል ፊቷ አመድ መሰለ። ቶሜር "ቤሰደር፣ እሺ እማማ" ብሎ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ለሰንበት ባቡሩ ሳይቆም ልድረስ ብሎ ወጣ።

ያ ሰንበት ከብዶ ዋለ። እማማ ባንቺአምላክ ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው የልጁን ፊት ከዓይናቸው ማራቅ አቃታቸው። ቁርጥ አያቱን!

አባይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። እሳቸው ልጃገረድ ሳሉ ማጭድ ሊያስሞርዱ ሲላኩ ወናፉን እየነፋ በጥቅሻ ያያቸዋል። ማጭዱን ሆን ብሎ በደንብ አይሞርደውም፤ በነጋታው ተመልሰው እንዲመጡ። አባታቸው "ይሄ ልጅ እጁ ሰነፍ ነው" እያሉ ሲያማርሩ እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ኋላ ሽማግሌ ተላከ፣ ዘር ተቆጠረ፣ አልሆነም። ክረምቱ ሲወጣ ለውብነህ ተዳሩ። ክፉ አላገኛቸውም። ቢሆንም የወናፍ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቆም ብለው ያዳምጡ ነበር፤ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ሰንበት ወጥቶ መብራት ሲበራ ኦርታል ዓይኗ አባብጦ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እማማ፣ እስኪ ጮክ ብለው ይቁጠሩልኝ። በጆሮዬ ልስማውና ይውጣልኝ።"

እማማ ባንቺአምላክ እጃቸውን ዘረጉ። "የሁላችን አባት ቢሆነኝ ነው፤ እሱ አንድ። ቢሆነኝ ጀንበሬን ወለደ፣ ሁለት። ጀንበሬ ገላውን፣ ሦስት። ገላው እንግዳውን፣ አራት። እንግዳው አባቴን አየልኝን፣ አምስት። አየልኝ ባንቺአምላክን፣ ስድስት። በወዲያም በኩል እንዲሁ ይወርድና አስማማው አባይን ወለደ፣ ስድስት።" እጃቸውን ጨበጡ።

ኦርታል ጠበቀች። "እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ።"

"እማማ፣ የምንጋባው እኮ እኔና ቶሜር ነን። እኔ የት አለሁ?"

እማማ ባንቺአምላክ የጨበጡትን እጅ አዩት። ቀስ ብለው ፈቱት። "ባንቺአምላክ አሳየችን፣ ሰባት" አሉ፣ ድምፃቸው እየሳሳ። "አሳየች ኦርታልን፣ ስምንት። በነሱም ቤት እንዲሁ ነው። አልፋችኋል፣ ልጄ። አልፋችኋል።"

ኦርታል አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና አለች። የዚህን ሁሉ ሰው ዘር ሲቆጥሩ አንድ ቀን ስተው የማያውቁ ሴት ናቸው።

"እንዴት ብለው ግን እዚያ ላይ ቆሙ፣ እማማ?"

"ሽማግሎቹ ያኔ ለእኔና ለአባይ ሲቆጥሩ እዚያ ላይ ነዋ ያቆሙት" አሉ። "እኔም እዚያው ቆሜ ቀርቼ ኖሯል።"

እሳቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ስልኩን ወደ እሷ ገፉት።

"ያላ፣ ደውይለት። ባቡሩ ጀምሯል፣ አሁኑኑ ይምጣ። ሳይበላ ነው የሸኘሁት።"