ልጅቱ ሳትጠየቅ አንቀመጥም ያሉት እትዬ ብርዛፍ

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ «የማን እናት?» አልኳት። ጥያቄ ተብሎ! ግን እትዬ ብርዛፍ ይሞታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። በቀደም እንኳ በስልክ ሲቆጡኝ ነበር።

ወዳጆቼ፣ የማታውቋቸው ብዙ ናችሁና ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ የሉማሜ ልጅ ነኝ። ያኔ እኛ ጋ ሁለተኛ ደረጃ ስላልነበረ ደብረ ማርቆስ እትዬ ብርዛፍ ግቢ ቤት ተከራይተን እንማር ነበር፤ ስንቃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ይመጣል። እሳቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አከራያችን ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ግን ማን እንደከፋው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ ያውቁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከስንቁ ጋር ወሬ ይዞ መጣ። ለልጁ ሽማግሌ የላከ ሰው አለ፤ አባቴም ቃል ሰጥቷል። ከፋሲካ በኋላ ልዳር ነው።

አባቴን ሸኝቼ ወሬውን ለእትዬ ብርዛፍ ነገርኩ። እሳቸው ምክር አላዥጎደጎዱብኝም፣ አባቴንም አላሙብኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው የሚተረተር ቀሚስ ሰጡኝ። ስተረትር ቆይቼ እንባዬ ሲመጣ ቀስ ብለው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «መማር ነው የምፈልገው» አልኩ።

«እንግዲያው እኔም ሽማግሌ እልካለሁ!»

የነፍስ አባታቸውንና ጎረቤታችንን ነጋዴውን አቶ ሰይድን ይዘው፣ ሴት ሽማግሌ የት ታይቶ ሳይሉ ራሳቸውም ታክለው፣ እኔን አስከትለው በአውቶቡስ ሉማሜ ገቡ።

በአገራችን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሦስቱም ቆሙ። አባቴ «ልጄ ታጭታለች፣ ዘገያችሁ» ቢላቸው ቄሱ «ለወንድ አይደለም የመጣነው። ለትምህርት ይስጡን ብለን ነው» አሉት።

«ቃሌንስ ምን ላድርገው?»

«እዚያም ቤት ሄደን የምንለምነው እኛው ነን» አሉ አቶ ሰይድ።

እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ያኔ ነው እትዬ ብርዛፍ «እሷስ ምን ትላለች? ልጅቱ ትጠራና ትጠየቅ። እስከዚያ አንቀመጥም» ያሉት። ሴት ልጅ ስለራሷ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ስትጠየቅ በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም።

ወጣሁ። «አባዬ፣ መማር ነው የምፈልገው» አልኩ። አንዴ እሳቸው ዘንድ ብዬው ስለነበር አፌ አልከዳኝም።

አባቴ ወደ ቆሙት ሽማግሌዎች ዞሮ አንድ ቃል ተናገረ፦ «ተቀመጡ።»

እናቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው! ቄሱማ እግራቸው ዝሎ ኖሮ መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

ተማርኩ። አስተማሪ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፊቱ የጠቆረ ተማሪ ሳይ ከምክር በፊት የማስቀድመው የእትዬ ብርዛፍን ጥያቄ ነበር። ይህን ከምታነቡት ውስጥም የጠየቅኳችሁ አላችሁ። የኔ እንዳይመስላችሁ፣ የሳቸው ነው።

ስለዚህ እያለቀስኩም ቢሆን እልል ብዬ ነው የምሸኛቸው።

እትዬ፣ ከእኔ በኋላስ ስንቷን ልጅ ብለው በስንቱ ሰው ደጅ ቆሙ! አሁን ግን ጉዳይዎ ተፈጽሟል። ልጆችዎ ሁላችንም ደርሰናል። ይቀመጡ እትዬ፣ ይቀመጡ።